ጓደኛዬ በስሙ ሽጉጥ ሊገዛልኝ ነው፤ ችግር አለው?

ጥያቄ፦ «የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። በዲቪ መጥቼ ግሪን ካርድ ይዣለሁ፤ አራት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ማታ ማታ ሜሪላንድ ውስጥ አንድ ጋዝ ስቴሽን እሠራለሁ፤ ቅዳሜና እሑድ ኡበር እነዳለሁ። ባለፈው ወር ሱቃችን ተዘረፈ። እኔ አልነበርኩም፤ የሥራ ባልደረባዬ ላይ ግን ሽጉጥ ደግነውበታል። ጓደኛዬ ዜጋ ነው። ‹አሜሪካ ውስጥ መሣሪያ መያዝ የማንም ሰው መብት ነው፣ ሕገ መንግሥቱ ላይ ተጽፏል፣ ማንም አይጠይቅህም፤ ብሩን ስጠኝና በስሜ ልግዛልህ› ይለኛል። ባለቤቴ ደግሞ ‹በግሪን ካርድ መሣሪያ ከያዝክ ትባረራለህ› ትላለች። ቤታችን ጭቅጭቅ ሆኗል። የ15 ዓመት ልጅ አለን። አባቴ ጎጃም እያለ ክላሽ ነበረው፤ እኔም አያያዙን አውቃለሁ። ማን ነው ትክክል?»

ምላሽ፦ ባለቤትዎም ጓደኛዎም ግማሽ ግማሽ እውነት ይዘዋል። የጓደኛዎ ስህተት ግን ሁለታችሁንም ሊያሳስር የሚችል ስለሆነ ከእሱ ልጀምር። (ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ፈቃድ ካለው የመሣሪያ ነጋዴ ሽጉጥ የሚገዛ ሰው ሁሉ ፎርም 4473 ይሞላል። ስም ይጠይቃል፣ አድራሻ ይጠይቃል፣ የተወለዱበትን ቦታ ይጠይቃል። ቀጥሎ አንድ ጥያቄ ይመጣል፦ የዚህ መሣሪያ ትክክለኛ ገዢ እርስዎ ነዎት? ጓደኛዎ በእርስዎ ብር፣ ለእርስዎ እየገዛ «አዎ» ካለ ዋሸ። ይህ ውሸት ራሱን የቻለ የፌዴራል ወንጀል ነው።

«እሱም መግዛት ይችላል፣ እኔም መግዛት እችላለሁ፤ ታዲያ ማን ተጎዳ?» ይሉኝ ይሆናል። ይህን ክርክር ከእርስዎ በፊት የሞከረው ሰው አለ። አብራምስኪ የሚባል የቨርጂኒያ የቀድሞ ፖሊስ ፔንሲልቬኒያ ለሚኖር አጎቱ ግሎክ ሽጉጥ ገዛለት። አጎትየው አስቀድሞ የ400 ዶላር ቼክ ልኮለታል። ይባስ ብሎ ቼኩ ላይ የሽጉጡን ዓይነት ጽፎበታል። አጎትየው መሣሪያ እንዳይዝ የሚከለክለው አንድም ነገር አልነበረም። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ሄደ፤ በ2014 ፍርድ ቤቱ 5 ለ4 በሆነ ድምፅ አብራምስኪን ጥፋተኛ አለው። የሚገዛለት ሰው መሣሪያ እንዳይዝ የተከለከለ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። በ2022 የወጣው ሕግ ለእሱ እስከ 15 ዓመት እስር አስቀምጧል።

ስጦታ ሌላ ነገር ነው። ጓደኛዎ በራሱ ብር ገዝቶ፣ መያዝ ለሚችል ሰው ከልቡ ቢሰጥ ፎርሙ ላይ አልዋሸም። የእርስዎ ብር ከገባበት ግን ስጦታ የሚባል ነገር የለም። በዜል መላክም ያው ነው፣ በጥሬው መስጠትም ያው ነው።

የሚገርመው፣ ይህ ሁሉ ጣጣ አያስፈልግም ነበር። በፌዴራል ሕግ ግሪን ካርድ ያለው ሰው ሽጉጥ በራሱ ስም መግዛት ይችላል። ፎርሙ ላይ ግሪን ካርዱ ላይ ያለውን የኤሊየን ቁጥር ይሞላል፣ የሚኖርበትን ስቴት መታወቂያ ያሳያል፣ የወንጀል መዝገብ ምርመራውን ያልፋል፤ አለቀ። ስለዚህ ባለቤትዎ «ከያዝክ ትባረራለህ» ያሉት እንደ ቃሉ ትክክል አይደለም። መያዝ ብቻውን አያስባርርም። የሚያስባርረው ሌላ ነው፤ እመጣበታለሁ።

ይህን የሚያነቡ ሌሎች ሰዎችም ስላሉ አንድ ነገር ላክል። በቱሪስት ወይም በተማሪ ቪዛ ያለ ሰው፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በስተቀር፣ መሣሪያም ጥይትም መያዝ አይችልም። ወረቀት የሌለውም እንዲሁ። የጥገኝነት ጉዳዩ ገና ያላለቀለት ሰው «የሥራ ፈቃድ አለኝ» ብሎ እንዳይሸወድ። የሥራ ፈቃድ ለሥራ ነው። የጓደኛውን ሽጉጥ ተኩስ መለማመጃ ቦታ ላይ ከመንካቱ በፊት እንኳ ጠበቃ ያናግር።

ሌላው የእኛን ሰው የሚይዘው ወጥመድ ጫት ነው። ፎርም 4473 ሕገወጥ ዕፅ ይጠቀማሉ ወይ ይላል። ማሪዋና በቨርጂኒያም በሜሪላንድም ለአዋቂ ተፈቅዷል፤ ፎርሙ ግን በፌዴራል ሕግ አሁንም ሕገወጥ መሆኑን እዚያው ላይ ያስጠነቅቃል። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ደግሞ በፌዴራሉ ዝርዝር ከነሄሮይን ጋር አንደኛው መደብ ውስጥ ነው የተቀመጠው። እሑድ እሑድ በርጫ የሚቀመጥ ሰው ያቺን ጥያቄ «አይ» ብሎ ሲያልፍ ምን እየፈረመ እንደሆነ ይወቅ።

አሁን ወደ «የማንም ሰው መብት ነው» ልምጣ። የሕገ መንግሥቱ ሁለተኛ ማሻሻያ በ1791 የጸደቀ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ በሚገባ የተደራጀ ሚሊሻ ለነፃ መንግሥት ደኅንነት አስፈላጊ ስለሆነ፣ ሕዝቡ መሣሪያ የመያዝና የመታጠቅ መብቱ አይጣስም። ጠቡ ሁሉ እዚች ዓረፍተ ነገር ውስጥ ነው። አንዱ ወገን የመጀመሪያውን ግማሽ ይዞ «መብቱ የሚሊሻው ነው» ይላል። ሌላው ሁለተኛውን ግማሽ ይዞ «‹ሕዝቡ› ማለት እያንዳንዱ ሰው ነው» ይላል። ከ200 ዓመት በላይ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ቁርጡን አልተናገረም።

ቁርጡ የመጣው ከእርስዎ ቤት ማዶ፣ ከዲሲ ነው። ከተማዋ ከ1976 ጀምሮ ሽጉጥን ከሞላ ጎደል ከልክላ ነበር። ዲክ ሄለር የሚባል የጥበቃ ሠራተኛ ቀን የመንግሥት ሕንፃ ሲጠብቅ ሽጉጥ ይታጠቃል፤ ማታ ቤቱ ሲገባ ግን ሽጉጥ ማስቀመጥ አይፈቀድለትም። ከሰሰ። በ2008 ፍርድ ቤቱ 5 ለ4 ሆኖ መብቱ የግለሰብ ነው፣ ቤት ውስጥ ራስን ለመከላከልም ይሠራል አለ። ከሁለት ዓመት በኋላ ኦቲስ ማክዶናልድ የሚባሉ የቺካጎ ጥቁር አዛውንት ክስ መጣ። ሰፈራቸው በዱርዬ ተወርሮ ሽጉጥ ቤታቸው እንዳያስቀምጡ ከተማው ከልክሏቸው ነበር። በእሳቸው ጉዳይ መብቱ ስቴቶችንም እንደሚያስገድድ ተወሰነ። በ2022 ደግሞ መብቱ ከቤት ውጭም እንደሚሄድ ተፈረደ፤ ኒውዮርክ «ልዩ ምክንያት ካላቀረብክ የመያዣ ፈቃድ አልሰጥህም» ማለቷ ቀረ። ሜሪላንድም ተመሳሳይ ሕጓን ጣለች።

ስለዚህ ጓደኛዎ «መብት ነው» ሲል ልክ ነው። «ማንም አይጠይቅህም» ሲል ግን የሄለርን ፍርድ ከነጭራሹ አላነበበውም። ፍርዱን የጻፉት ዳኛ ስካሊያ ራሳቸው መብቱ ገደብ የለሽ አይደለም ብለዋል፤ ወንጀለኛ እንዳይዝ መከልከል፣ ትምህርት ቤትና የመንግሥት ሕንፃ ይዞ መግባትን መከልከል፣ ሽያጩ ላይ ቅድመ ሁኔታ ማስቀመጥ ይቻላል ብለው። በ2024 ደግሞ ያው ፍርድ ቤት፣ በቤት ውስጥ ጥቃት የእግድ ትእዛዝ የወጣበትና ለሌላ ሰው ሕይወት አስጊ ነው የተባለ ሰው መሣሪያውን ሊነጠቅ ይችላል ብሎ 8 ለ1 ወስኗል። ቤት ውስጥ ጭቅጭቅ አለ ስላሉኝ ነው ይህን ያነሳሁት። ጭቅጭቅ ወንጀል አይደለም። አንድ ቀን ግን ጎረቤት ፖሊስ ቢጠራ፣ መሣሪያ ያለበት ቤትና የሌለበት ቤት ታሪካቸው አንድ አይሆንም።

በእኛ አገር ጠመንጃ የክብር ጉዳይ ነው። ጎጃምና ጎንደር በሬ ሸጦ መሣሪያ የሚገዛ ሰው አለ፤ ለሰርግ ይተኮሳል፣ ለቀብር ይተኮሳል። በወረቀት ግን ሕገ መንግሥታችን ስለ መሣሪያ መብት የሚለው ነገር የለም። በእኛው 2012 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1177 መሣሪያ መያዝን የሚያየው ከመንግሥት እንደሚገኝ ፈቃድ ነው። እዚህ በተቃራኒው ነው። በወረቀት መብት ነው፤ በኑሮ ግን በየደረጃው ሕግ ተብትቦታል። አባትዎ ክላሽ ስለነበራቸው አያያዙን ያውቁ ይሆናል። እዚህ የሚያስፈልገው እውቀት ሌላ ነው። ድንበሩ የት እንደሆነ ማወቅ ነው።

ድንበሩን በእርስዎ መንገድ ላሳይዎት። ከአሌክሳንድሪያ ወደ ሥራ ሲሄዱ ቤልትዌዩን ይዘው ዉድሮው ዊልሰን ድልድይን ይሻገራሉ። ድልድዩ ላይ ሲወጡ ቨርጂኒያ ነዎት። መሐል ላይ ለጥቂት ሰከንድ የዲሲን ጫፍ ይረግጣሉ፤ ብዙ ሰው አያውቀውም። ሲወርዱ ሜሪላንድ ነዎት። ሬዲዮው ላይ አንድ ዘፈን ሳያልቅ ሦስት የመሣሪያ ሕግ አለፉ ማለት ነው። ቨርጂኒያ ከሦስቱ ላላ ያለች ናት። ዲሲ ሽጉጡ እንዲመዘገብ ትፈልጋለች፤ የማንንም ስቴት የመያዣ ፈቃድ አትቀበልም። የተመዘገበ መሣሪያ ለሌለው ሰው ጥይት ኪሱ ውስጥ መገኘቱ ብቻ ወንጀል ሊሆንበት ይችላል። ያለ ዲሲ ፈቃድ ሽጉጥ ይዞ መንቀሳቀስ እስከ 5 ዓመት ያስቀጣል። ሜሪላንድም የቨርጂኒያን ፈቃድ አትቀበልም። የራሷን ፈቃድ ሳያወጡ ሽጉጥ ታጥቀው ወይም መኪና ውስጥ አድርገው ወደ ሥራ መሄድ እዚያ ወንጀል ነው።

በ1986 የወጣ የፌዴራል ሕግ አላፊ አግዳሚን ይጠብቃል። ግን ሁኔታው ጠባብ ነው። ሽጉጡ ጥይት ያልጎረሰ፣ እጅ የማይደርስበት ትራንክ ውስጥ የተቆለፈ መሆን አለበት፤ የተነሱበትም የሚደርሱበትም ቦታ መያዝ የተፈቀደልዎ መሆን አለበት። የእርስዎ መድረሻ ሜሪላንድ ያለ ጋዝ ስቴሽን ስለሆነ አይጠቅምዎትም። ኡበርም አይሠራም። ኡበርና ሊፍት ሹፌር መሣሪያ እንዳይዝ በደንባቸው ከልክለዋል። የቨርጂኒያ ፈቃድ ቢኖርዎት እንኳ አካውንትዎ ይዘጋል። ተሳፋሪው ደግሞ «ዩ ስትሪት» ብሎ ካዘዘ እርስዎ ዲሲ አልሄድም አይሉትም።

አንድ ደንበኛ ነበረኝ። ታክሲ ነጂ፣ ግሪን ካርድ ያለው፣ ሽጉጡን ቨርጂኒያ በሕጋዊ መንገድ የገዛ፣ የቨርጂኒያ የመያዣ ፈቃድም ያለው። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ዲሲ ውስጥ የኋላ መብራቱ ተቃጥሎ ፖሊስ አስቆመው። «መኪናው ውስጥ መሣሪያ አለ?» ሲሉት «አዎ፣ ሕጋዊ ነው» ብሎ ፈቃዱን አወጣላቸው። በካቴና ታስሮ መንገድ ዳር ተቀመጠ። ሽጉጡን ተኩሶበት አያውቅም። እሱም እድለኛ ነው። በ2016 ሚኒሶታ ውስጥ ፊላንዶ ካስቲል የሚባል ፈቃድ ያለው ጥቁር ሰው መኪና ሲነዳ ፖሊስ አስቁሞት፣ መሣሪያ መያዙን በትሕትና ነግሮ፣ በዚያችው ደቂቃ ተተኩሶበት ሞቷል። ፖሊሱ ፍርድ ቤት ቀርቦ በነፃ ተለቀቀ።

የደንበኛዬ ጣጣ ግን ካቴናው ሲፈታ አላለቀም፤ ባለቤትዎ ትክክል የሆኑት እዚህ ላይ ነው። የኢሚግሬሽን ሕግ፣ ዜጋ ያልሆነ ሰው መሣሪያን በሕገወጥ መንገድ በመግዛት፣ በመሸጥ፣ በመያዝ ወይም ይዞ በመንቀሳቀስ ከተፈረደበት ከአገር ሊያስወጣው ይችላል። ዜጋ የሆነ ሰው በገደብ የሚገላገለው ክስ ለእርስዎ የመባረር ክስ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። የእኛ ሰው በብዛት የሚሸወድበትም ይኸው ነው። ዳኛው «ጥፋተኛ ነኝ በልና በገደብ ልልቀቅህ፤ በኋላ መዝገብህ ንጹሕ ይሆናል» ሲለው ደስ ብሎት ይፈርማል። በኢሚግሬሽን ዓይን ግን ጥፋቱን አምኖ ማንኛውም ቅጣት ወይም ገደብ ከተጣለበት አብዛኛውን ጊዜ ተፈርዶበታል። ከ2010 ወዲህ የወንጀል ጠበቃ ይህን መዘዝ ለደንበኛው የመንገር ግዴታ አለበት። ካልነገርዎት እርስዎ ይጠይቁ፤ ሳይጠይቁ አይፈርሙ።

ስለ ሱቁም ልናገር። ሽጉጥ ቢኖርዎትና ቢራ ይዞ የሚሮጥ ልጅ ተኩሰው ቢገድሉ ራስን መከላከል አይባልም፤ ሰው በመግደል ይጠየቃሉ። ገዳይ ኃይል የሚፈቀደው እርስዎ ወይም ሌላ ሰው እዚያው ሊሞት ወይም ክፉኛ ሊጎዳ ሲል ነው። ለዕቃና ለገንዘብ አይፈቀድም። አስቀድሞ የደገነ ሌባ ፊት ደግሞ እጅዎ ከባንኮኒው ሥር ሲገባ ማን እንደሚቀድም ግልጽ ነው።

«መሣሪያ ያድናል ወይስ ይገድላል?» በሚለው ክርክር ሁለቱም ወገን የሚመቸውን ቁጥር ይጠቅሳል። የመብቱ ደጋፊዎች በ1995 የወጣ የስልክ ጥናት ይዘው በዓመት 2.5 ሚሊዮን ጊዜ ሰው በመሣሪያ ራሱን ያድናል ይላሉ። የመንግሥት የወንጀል ጥናት ደግሞ ከ100 ሺህ በታች ነው የሚያገኘው። ደጋፊዎቹ ግን አንድ ቀላል የማይባል ነገር አላቸው። ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1989፣ መንግሥት እያንዳንዱን ሰው ከሌላ ሰው ጥቃት የማዳን የሕገ መንግሥት ግዴታ የለበትም ብሏል፤ በ2005 ደግሞ ስለ ፖሊስ ተመሳሳይ ነገር ወስኗል። ፖሊስ ዘግይቶ ቢደርስ የሚከሱት ሰው ላይኖር ይችላል። ይህን ፍርሃት አልንቅም።

ለእርስዎ ቤት የሚመለከተው ቁጥር ግን ሌላ ነው። በ2023 አሜሪካ ውስጥ 46,728 ሰው በመሣሪያ ሞቷል። ከእነሱ 27,300 ያህሉ ራሳቸውን ያጠፉ ናቸው። ሰው ሲያስብ በር ሰብሮ የሚገባ ሌባ ነው የሚታየው፤ ሟቹ ግን በአብዛኛው የቤቱ ሰው ነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ 26 ሚሊዮን ሰው ለዓመታት የተከታተለ ጥናት በ2020 ወጥቶ ነበር። ሽጉጥ ያላቸው ወንዶች ከሌላቸው ይልቅ በመሣሪያ ራሳቸውን የማጥፋት ዕድላቸው በስምንት እጥፍ ይበልጣል። ክኒን የዋጠ ሰው ብዙውን ጊዜ ሆስፒታል ደርሶ ይተርፋል፤ በሽጉጥ የሞከረ አብዛኛው አይተርፍም። የእርስዎ ልጅ 15 ዓመቱ ነው። ማታ ማታ ቤት አይደሉም። እኛ አበሾች ደግሞ ስለ ልጅ ጭንቀት ማውራት አንወድም፤ «ደህና ነው፣ ክፍሉ ውስጥ ነው» እንላለን። ሽጉጡን ቁምሳጥን ላይ ደብቄዋለሁ ማለት ልጁ የት እንዳለ ያውቃል ማለት ነው።

ምክሬ ይኸው ነው። አሁን አይግዙ። በጓደኛዎም ስም አይግዙ፣ በራስዎም ስም አይግዙ። ከሁለቱ ፍርሃቶችዎ አንዱንም አይፈታልዎትም። ሥራ ቦታ ይዘው መሄድ አይችሉም፣ ኡበር ላይ መያዝ አይችሉም፤ ስለዚህ ሽጉጡ የሚቀመጠው እርስዎ በሌሉበት ቤት፣ ከልጁ ጋር ነው። ዜጋ ሲሆኑ የመባረሩ ስጋት ይወርዳል፤ ያኔ እንደገና ያስቡበት። ያኔም ቢሆን ሥልጠና ወስደው፣ ኮድ ወይም የጣት አሻራ ባለው ትንሽ ካዝና ውስጥ፣ ጥይቱን ለብቻ ቆልፈው፣ ከቤት ሳያወጡት ይሁን። ልጁ ወይም ሌላ የቤት ሰው በጭንቀት ውስጥ ካለ ግን ያኔም አይሆንም።

አንድ ሁኔታ ይለያል። ስም ያለው ሰው ቤትዎ ድረስ እየመጣ የሚዝትብዎት ከሆነ ይህ ሌላ ጉዳይ ነው። ከመሣሪያ በፊት የእግድ ትእዛዝ ነው የሚቀድመው፤ ጠበቃ ይያዙ።

ለሱቁ ከባለቤቱ ጋር ይነጋገሩ። ገንዘቡ በየሰዓቱ የሚገባበትና ሠራተኛው ሊከፍተው የማይችል ካዝና ይደረግ፤ በሩ ላይም «ሠራተኛው ካዝናውን መክፈት አይችልም» ተብሎ ይለጠፍ። ሌሊት በመስኮት ብቻ ይሸጥ። ሁለት ሰው ይመደብ። ሌባ ከመጣ ገንዘቡን ይስጡት፤ የእርስዎ አይደለም።

የዜግነት ማመልከቻውን፣ ኤን-400ን፣ አምስት ዓመቱ ሊሞላ 90 ቀን ሲቀረው ማስገባት ይችላሉ። እስከዚያ የሚያስፈልግዎት ንጹሕ መዝገብ ነው። ለጓደኛዎ የሚሰጡት መልስ አጭር ይሁን፦ «አመሰግናለሁ፣ አልፈልግም።» በአፍ ብቻ ሳይሆን በቴክስት ይላኩለት።